ሦስት አራት ነጥብ

ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ነበር፣ ማታ፣
በሃስልቶርፕ ሜዳ፣ ከትኬት መሸጫው ኋላ፣ ከጠባቧ ቦታ፤
ጋዙ ስለተቆረጠ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣
ሒሳብ አጣሪው ስተብስ ሲያነብ፣ እኔ ጣቴ እስኪደርቅ።

«ግብር ሰብሳቢ፤ ዘጠኝ መቶ ሺህ።»
ጻፍኩ።
«አምቡላንስ፤ አራት ሺህ።»
ጻፍኩ።
ፓይ ጋጋሪው፣ ሣር አጫጁ፣ ፕሮግራም አታሚው፣
የማዕዘን ባንዲራ ሸጦልን እስከ ዛሬ የሚጠይቀው፤
«ልብስ አጣቢ፣ ሂልዳ ክራብትሪ፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ።»
እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ፤ እንደ ኳስ፣ ጭቃ ሲገባ።

በልጅነቴ ሰኞ ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ፣
የሱቋ መስኮት በእንፋሎት ነጭ ሆኖ ሲጠብቅ፣
የቅዳሜውን ውጤት በጣታችን እንጽፋለን፤
ከተሸነፍን፣ ብቅ ብላ በሽርጧ ታጠፋልን።

ሂሳቡ እንዲህ ነው።
ሊግ ለመውጣት ተበደርን፤ ላለመውረድ ተበደርን፤
ወለዱ ሲያንቀን ደግሞ፣ ለወለዱ ተበደርን።
አጥቂ አስመጣን፣ በሳምንት ሃያ ሁለት ሺህ፤
ሁለት ጎል አገባ፤ አንዱ በራሳችን ላይ ነው፤ እሺ።
ባለቤቱ በአንድ ፓውንድ ገዝቶን፣ ሜዳውን ለራሱ ሸጦ፣
መልሶ አከራየን፤ ከዚያ ሄደ፣ ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛ ሰጥቶ።

ማኅበሩ ደንብ አለው፤ ደንቡም አጭር ነው፤
አጣሪ እጅ የገባ ክለብ፣ አሥራ ሁለት ይቀነሰው።
አሥራ ሁለት ነጥብ! ቁጥሩን ሳየው ገረመኝ፤
ሦስት አራት ነጥብ ነው፤ ሦስቴ ዓረፍተ ነገር ዘጋብኝ።
ሰውየው ማልታ ነው፣ ጀልባው ላይ፤ ነጥብ የለውም የሚቀነስ፤
ዕዳ ግን አድራሻ ያውቃል፤ ድሃ ቤት ነው የሚደርስ።

ሁለተኛም ደንብ አለ፤ ይህን ስተብስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው፤
ተጫዋች ቅድሚያ ይከፈለው፣ ሙሉውን፣ ሳይጎድለው፤
ክለብ ከክለብ የተበደረውም ሙሉውን፤
ሌላው ሰው የተረፈውን ይካፈል፣ የተረፈ እንደሆን።
አጥቂው በሙሉ።
ሂልዳ፣ ከየፓውንዱ ሁለት ፔንስ።
«ስልሳ ሁለት ፓውንድ ከሰማንያ» ብዬ ተየብኩ፤
ጥፋቱን በማሽኑ ላላክክ ፈልጌ፣ ደግሜ ደመርኩ።

ሐሙስ ደብዳቤ ይዤላት ሄድኩ፦
የክለቡ ንብረት የሆኑ ሠላሳ ሁለት ማሊያዎች
በእጅዎ ስለሚገኙ፣ እስከ ነገ ያስረክቡ።
አነበበችው። አልተቆጣችም፤ መነጽሯን ጠረገች።
«እርጥብ ናቸው» አለች። «እርጥብ አላስረክብም» አለች።
«ይተዉት» አልኳት፣ «ለዚህኛው እጥበት የሚከፍልዎት የለም።»
«የለም» አለች፣ እንደሚያውቅ ሰው፤ ማሽኗን ግን አላቆመችም።
«ልጄ፣ በዕዳ የቆሸሸውን እናንተ እጠቡት፤
በጭቃ የቆሸሸውን ለእኔ ተዉት።»

በዚያ መሃል ከማድረቂያው ሆድ አንድ ነገር ተንኳኳ፤
ዞረ፣ ወደቀ፣ ዞረ፣ ከብረቱ ጋር ተላካ።
የአሠልጣኙ ቱታ ኪስ ኖሯል። እጇን ሰደደች፤
ሁለት ፔንስ፣ ትኩስ፣ ከኪሱ አወጣች።
መዳፌ ላይ አኖረችው፤ አቃጠለኝ።
«ይኸው ድርሻዬ ደረሰ» አለች፤ «ደረሰኝ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላት።

ቅዳሜ አንድ ለባዶ አሸነፍን፣ በዝናብ፣ በንጹሕ ማሊያ፤
አምቡላንሱ ቀርቶ፣ ከደጁ የአንድ ደጋፊ ላንድሮቨር ቆሞ።
አሥራ አንድ ነበረን፤ አሥራ ሁለት ተወሰደ፤ ሦስት ተጨመረ።
ሁለት።
ሰኞ በሱቁ በኩል ሳልፍ፣ አንድ ልጅ ቁጥሩን በእንፋሎቱ ላይ ጽፎ ነበረ፤
ሂልዳ ከውስጥ ታየዋለች፤ ሽርጧ ግን እጇ ላይ ቀረ።