የሙሄ ድንጋዮች

ከከላላ አፋፍ፣ ቁልቁል ጃማ ድረስ
በቅሎ እየነዳ ሲወርድ ሲመለስ፣
አሞሌ ነጋዴው ሙሄ አበጋዝ
ጨዉን አራግፎ ድንጋይ የሚያግዝ።

«ለየለት» ይላሉ። እሱ ጆሮም የለው፤
መቃ በጥላሸት ነክሮ፣ በስንዝር የለካው
ቀንዳም ዛጎል ሁሉ ብራና ላይ አለው፦
«ይህ ከነጩ ገደል፣ ከሦስተኛው ሥር፣
ስፋቱ ሁለት ጋት፣ እንደ በግ ቀንድ ዙር።»

ዛጎል ነው። ባሕር የት? ከዚህ እስከ ባሕሩ
አፋርን አቋርጦ ስንት ነው አዳሩ?

ቄሱን ጠየቃቸው፤ «የኖኅ ውሃ» አሉት።
ሼሁን ጠየቃቸው፤ «የኑህ ውሃ» አሉት።
በግጦሽ ጉዳይ ዓመት የተኳረፉት
ባንድ ዛጎል ነገር እኩል ፈረዱበት።
ሙሄ ግን ገደሉን ቆጠረው እንደገና፤
«ሰባት ነው ንጣፉ፤ ውሃው አንድ ነውና
ለምን ሰባት ጊዜ አነጠፈው?» አለ።
መልስ ያጣ ጥያቄ ብራናው ላይ ዋለ።

ሚስቱ ዙምራ ደግሞ ጉልቻ ጎደላት፤
ከደጁ ክምር ውስጥ አንዱ ክብ በጃት።
እሳት ሲልሰው ውሎ፣ ማታ ላይ ጧ ብሎ
ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ወጡን አመድ ላይ ጥሎ።
ዙምራ ስትራገም ሙሄ ተንበርክኮ
አመዱን ጠራርጎ፣ «እልፍኝ ነው! እልፍኝ ነው እኮ!
ክፍል በክፍል ላይ፣ ከጠባብ ጀምሮ እያደር የሰፋ፤
ቤት ሠሪ ነበረ፣ ቤቱ ሳይጠፋ እሱ የጠፋ።»
«የኔስ ወጥ?» አለችው።
ይህም ተጽፏል፦ «ዙምራ ያገኘችው።»

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብት ባንድ ወር አልቆ
ሜዳው ነጣ በአጥንት። ሙሄ ከሰው ርቆ፣
በቅሎዎቹን በእህል አንድ ባንድ ለውጦ፣
እንደ ልማዱ ጻፈ፣ አጥንት መሀል ተቀምጦ፦

«ጅብ የጎተተው ይበተናል።
ፀሐይ ያገኘው ይሰነጠቃል።
ዝናብ የቆየበት ይበሰብሳል።
ደለል የቀደመው ግን፣
ደለል የቀደመው ብቻ»
መስመሩ እዚህ ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ ግን ጎረቤት አይቶታል፤
ቦራን፣ ጠማጁን፣ በመጨረሻዋ በቅሎ እየጎተተ
ጃማ ዳር፣ ለስላሳው ጭቃ ላይ ወረደ።
«ቆዳው እንኳ ይገፈፍ! ጠፍር ይሁን!» ቢሉት አልመለሰም።
ቀበረው። ካብ አልካበም፣ ድንጋይ አልጫነም።
ሰው እንደሚቀብር ሳይሆን፣ ውሃ እንደሚቀብር፣
በጎኑ አስተኝቶ፣ ቀንዱን ለክቶ በስንዝር።

የመጨረሻው ቅጠል ቀለሙ ሳስቷል፤
ጥላሸት ከሚነድ ምድጃ ነውና፣
በዚያ ዓመት ምድጃው በርዷል።
ዓይን ተጠግቶ ካልሆነ አይነበብም፦

«ቦራ። ዕድሜው ዘጠኝ። ቀንዱ ሁለት ስንዝር ከጋት።
ሰው ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ይላል።
እኔ ስምንተኛው ንጣፍ እላለሁ።
ያገኘው ሰው ደግሞ ይለካው፤
እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»