አይለቅም

ዓጅማን ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
እድፍ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣
ንጣት ታጥፎ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ በዚያው በር የሚወጣባት
አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ እንጀራዬን የምበላባት።

ቆሜ እውላለሁ። ከንዱራ እተኩሳለሁ፤
ነጭ በነጭ ላይ እደረድራለሁ።
የአንገት ወዝ፣ የሻይ ጠብታ፣ የሠርግ ሂና፣
የሁሉንም መድኃኒት አውቃለሁና
ሻጂ፣ የኬረላው ሰው፣ አለቃዬ፣
ለደንበኛ ያሳየዋል እጄን፦
«ይሄ ልጅ» ይላል፣ «ጥላም ቢሆን ያስለቅቃል።»

ማታ ግን፣
ስድስት ሆነን በምንተኛበት ክፍል፣ ከላይኛው አልጋ፣
ደብተሬን እገልጣለሁ።
ነጭ ነው።
እጄ ይፈራል።
ቀኑን ሙሉ ሲያነጣ የዋለ እጅ
በምን አንጀቱ ነጩን ያሳድፍ?
አንድ መስመር ጽፌ እፍቃለሁ፤
ሌላ ጽፌ ያንንም፤
ወረቀቱ ሳስቶ ሳስቶ
አምፖሉ በዚያ በኩል ይታየኛል።

ነስሮ ከታች አልጋ ይጮኻል፦
«ወይ ጻፍ፣ ወይ መብራቱን አጥፋ!
እኔ ያልተማርኩት እንኳ ለሚስቴ በድምፅ
ሃያ ደቂቃ አወራለሁ።»
እውነቱን ነው።

ኮምቦልቻ እያለሁ፣
ቃል እኔን ፍለጋ ይመጣ ነበር፣ እንደ አበዳሪ ማልዶ፤
አሁን እኔ ስፈልገው፣ ቤቱ ዝግ ነው፤ የለም፣ ሄዶ።
ኮርኒሹ ላይ ተቀምጬ ባሕሩን ጠየቅኩት፤
ባሕር ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያወራው።
ናፍቆትን ጠራሁት፤
መጣ፣ ሰው ሁሉ ለብሶ የጣለውን ቃል ለብሶ፣
አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና
አብሮኝ ዝም አለ።
ስምንት ወር።

ነሐሴ ላይ፣ ግድግዳው በሚያልብበት ሰሞን፣
ኡስታዝ ኸልፋን መጡ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ።
የደረት ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ ተንፍሶ፣
መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ከንዱራው ላይ ፈሶ።
«ከኪሴ ነው ከልቤ?» ብለው ሳቁ፤
ጥለውልኝ ሄዱ።

አልኮል አፈሰስኩበት፤ ሰፋ።
በሎሚና በጨው አሸሁት፤ ገረጣ እንጂ አልጠፋ።
ወተት ውስጥ አሳደርኩት፤
ወተቱ ሰማያዊ ሆኖ አደረ፤
እሱ ግን እንደ ግትር ዘመድ
ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

«በቃ፣ ካርዱን ሙላ» አለ ሻጂ።
ካርዷ ሦስት ጣት ናት፤ ቢጫ፤
አንገትጌ ላይ በመርፌ ቁልፍ የምትንጠለጠል።
ቁጥር፣ ቀን፣ የልብስ ዓይነት፣ ማሳሰቢያ።
ማሳሰቢያው ላይ የምጽፋት የዐረብኛ ቃል አለች፤
በሰባት ዓመት ስንቴ እንደጻፍኳት እንጃ።
ያን ቀን እጄን ምን እንደነካው አላውቅም፣
በገዛ ፊደሌ ጻፍኩት፦
አይለቅም።

ቆሜ አየሁት። አምስት ፊደል።
በዚህ መንገድ ማንም አያነበው፣ ማንም አያርመው።
ካርዷን ገለበጥኳት፤
ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ግን ነጭ አይደለም፣
ጠባብ ነው፤ አያስፈራም።
እንደቆምኩ፣ ካውያው እየጨሰ፦

«ሌላው እድፍ ሁሉ ሄደ በሳሙና፣
ቀለም ብቻ ቀረ፣ ከልብ ላይ ጸና።
አይለቅም አልኩ እንጂ መቼ አስተዋልኩት፣
ስምንት ወሩን ሙሉ እኔው ነኝ የለቀቅኩት።»

የተኮስኩት እጅጌ ሸተተ።
«ምን ትጽፋለህ ይሄን ሁሉ?» ሻጂ ከባንኮኒው።
«ማሳሰቢያ» አልኩት።

በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ካርድ ሰረቅኩ።
ስምንቱ አይረባም።
ነስሮ መብራቱን ራሱ አጠፋው፤
በጨለማ ስጽፍ መስመር በመስመር ላይ ወጣ፤
ጠዋት ሳየው አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ፤
ግን ጥቁር ነበር፣ ሞልቶ ነበር፣ አልፋቅኩትም።

ኡስታዝ ልብሳቸውን ሊወስዱ መጡ።
መነጽራቸውን ወደ ግንባር ሰቅለው
ካርዷን አገላበጡ።
«ምን ይላል ይሄ ፊደል?»
«አይለቅም ይላል፣ ኡስታዝ።»
«ከኋላውስ?»
«ያው ነው፤
ትንሽ ረዘም ብሎ።»