አርባ ገዢ

ከቅርያት ጋት ጫፍ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
አሸዋው ተነፍቶ፣ ምድጃው ተማግዶ፣
አጎቴ ቢያድግልኝ ባዶ ቅርጽ ያያል፤
«ስንቅነሽ» ይለኛል፣ «ንገሪኝ፣ ያዋጣል?»

እኔ የሰው ግብር ጸሐፊ ነኝ፤ ደብተሬን ገለጥሁ።

ለእንጨቱ፣ ለሞዴሉ፣ ለቫዲም ማሽን ኪራይ፣
ሁለት መቶ ሃያ ሺ፣ ገና ብረት ሳይታይ።
አንዱን ብሎክ ለማውጣት ስድስት ሺ ከአምስት መቶ፤
በአሥራ ሁለት ሺ ቢሸጥ፣ ገዢ ሳይኮርፍ መጥቶ፣
አካፍዬ አየሁት፤ ቁጥር አያባብልም፦
አርባ ሰው ካልገዛ ወጪውን አይመልስም።

አርባ ሰው ከየት ይምጣ፣
ለፔጆ አራት መቶ አራት፣ ዘመኑ ለወጣ?
በነገቭ ሐሩር ላይ ውሃ ጨርሶበት፣
እንደ ገል ተሰንጥቆ ለቀረ ሞተር ቤት?

ሙርሲ ደወለልን ከዋዲ ዓራ መንደር፤
አባቱ ወይራውን የጫነበት ነበር።
አሁን ቆሟል መኪናው ከበለሱ ዛፍ ሥር፣
ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ከኋላው ወንበር።

ሻልቲኤል ከሬሖቮት፣ የጥርስ ሐኪሙ ሰው፣
በሐር ጨርቅ ይወለውላል እንጂ አይነዳው።
«የድሮውን ይምሰል፣ ግን አይሰንጠቅ» ይላል፤
ዋጋውን ስነግረው ሳል ይጀምረዋል።

ወታደሩ ኡሪያ የአያቱን ወርሶ
በስድስት ወር ልክፈል አለ፣ ድምፁ አንሶ።
አሥራ አንድ ቀብድ ከፈሉ፤ ሃያው «እናስብ» አሉ፤
ሁለቱ እያሰቡ አፈር ገቡ አሉ።

ደግሞ የአሮጌ ብረት ጓሮ አለ፣ አሽዶድ መንገድ ላይ፤
ያገለገለ ብሎክ፣ ሁለት ሺ ተኩል፣ ዝገቱ በነፃ።
«እሱ ያልቃል» አለ አጎቴ።
«ገዢውስ?» አልሁት።

እጁን በጨርቅ ጠረገና፦

«አባቴ በወገራ ማረሻ ሲሠራ፣
‹ቡዳ ነው› የሚለው፣ ዓይኑን የሚፈራ፣
ሲመሽ ይመጣ ነበር፣ በጓሮ፣ በተራ።
ስንት ገዢ አለኝ ብሎ መቼ ይቆጥራል?
መሬት እስካለ ድረስ ማረሻ ይሰበራል።»

«መሬት አይቆምም፣ አጎቴ። መኪናው ግን ቆሟል።»

ዝም አለ። ዝምታው ከመልስ ይከብድ ነበር፤
ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እርሳሴን ቀረጽሁ።

ሐሙስ ለት አፈሰሱ።
አሸዋው ሲፈርስ ብሎኩ ወጣ፣ ጥቁር፣ ገና የሚፋጅ፤
በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል
መርፌ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ።
ቫዲም «በስቱኮ እንድፈናት» አለ፣
«ቀለም ይሸፍናታል፤ ማን ያያታል?»
አጎቴ መዶሻውን አነሣ።
ስድስት ሺ ከአምስት መቶ ሼቄል፣ ሦስት ምት፤
ስብርባሪው ወደ ምድጃው ተመለሰ።
በየትኛው ዓምድ ልጻፈው? ኪሳራ አልሁት፣
ሰረዝሁት፣ እንደገና ኪሳራ አልሁት።

ሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ።
ቫዲም በባትሪ ፈተሸ፣ በጆሮው አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀ።
ፈቃድ ቢሮው የሞተር ቁጥር ይጠይቃል፤
አጎቴ ዜሮ መታበት፣ ከጎኑ አንድ።
«ዜሮዋ ለምን?»
«ቦታ ትያዝ።»

ማታ ለሙርሲ ደወልሁ፣ ብሎክህ ደርሷል፣ ውሰድ።
ቆየ፤ በስልኩ ውስጥ ጫጫታ ሰማሁ።
«አንድ ሳምንት ታገሱኝ» አለ፣
«ዕንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ነው።»