ሰባት ጊዜ ስምንት

ከወንጂ ጨረታ፣ ከውዳቂ ብረት፣ ሚዛን ላይ ተጎትቶ፣
በኪሎ ገዛሁት፤
ጃዋ ሞተር ሳይክል፤
ኮርቻው ተበልቶ፣ ፋኖሱ ተነቅሎ፣ ስሙ ብቻ ቀርቶ።
በጋሪ አስጭኜ በፍራንኮ ሳልፍ፣
የባጃጅ ወረፋው አንገቱን አውጥቶ
«ቲቸር፣ ቀብሩ የት ነው?» አለኝ በሳቅ ሞቶ።

የአዳማ ንፋስ ፈቃድ አይጠይቅም፤
በቁልፍ ቀዳዳም አቧራ ይዞ ቢገባ አይጨንቀውም።
እርጥብ አንሶላ በሩ ላይ ጋረድኩኝ፤
ሰርቪሷን ጠርጌ ከሞተሩ ጋራ ራሴን ቆለፍኩኝ።

ብርቅነሽ ሳፋዋን ፍለጋ ብትመጣ፣
ኩሽኔታና ዳዶ ይዋኛል በናፍጣ።
ምንም አላለችም።
ቆይታ ነው፣ ከጓሮ፣ ሳሙና እየፈለገች፣
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ስትበላ፣
አሁን ደግሞ ቅባት?» ብላ የጮኸች።

ብሎኑ አልፈታ አለ።
በላምባ ነከርኩት፣ ሌሊቱን አደረ፤
በእሳት ለበለብኩት፣ ጭራሽ ተቀበረ።
ጅላሉ ከሱቁ ብቅ ብሎ አየና፦
«አትታገለው» አለኝ፤ «እልህ አይወድምና
አናቱን ኳ አርገህ፣ ቀስ ብለህ ቀስቅሰው፤
ብረትም ከእንቅልፉ ሲነሳ እንደ ሰው ነው።»

ቀሰቀስኩት። ዞረ።
ሲጮህ ጥርሴን በላኝ።
ፒስተኑ ጥላሸት፣ ፋሻው ስብርብር፣
ቢዬላው የሚወልቅ የሕፃን ጥርስ ይመስል ወዲህ ወዲያ ሲዞር…

ያኔ ነው ያየሁት፤
ከሁለቱ ካርተር መጋጠሚያ መሀል፣
ዘይት ያጠቆረው፣ እንደ ቆዳ የከረረ ወረቀት።
ጓርኒሲዮን ነበር።
የፋብሪካ አይደለም፤
አንድ ሰው፣ ቸግሮት፣ ከደብተር ልባስ ላይ በመቀስ የቆረጠው።
ወደ መስኮት ወስጄ በብርሃን ብይዘው፣
የልጅ እጅ ጽሑፍ፦
«ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት።»
ስሟ ተከርክሟል፤ «…ነሽ» የምትል ብቻ ተርፋለች፤
ከስሯ፣ «አራተኛ ለ»።

ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ጣቴ
ሳላዘው ተነሳ፤ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ገባ ከኪሴ።
ስህተት! ሃምሳ ስድስት!

ግን ዘይት አላፈሰሰም።
ያ የተሳሳተ ሂሳብ፣
ስንት አቀበት በሞጆ፣ ስንት አሸዋ በመተሐራ፣
በእሳቱ፣ በግፊቱ፣ በዚያ ሁሉ መከራ፣
አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

ኦብሴ ደበላ ትዝ አለኝ።
ለዚችው ለሃምሳ አራት ፀሐይ ላይ አንበርክኬው፣
ደወል ተደውሎ፣ ክፍሉ ሁሉ ወጥቶ፣ እኔ የረሳሁት።
ዛሬ ሽንኩርት በጅምላ ይነግዳል፤
መልስ ሲቆጥርልኝ አንድ ብር አይስትም፤
«ጤና ይስጥልኝ ቲቸር» ይለኛል፤
ጉልበቱን አይቼ አላውቅም።

ሲሊንደሩን ኩምሳ በቶርኖ አሰፋልኝ፤
ፋሻ ከሌላ ሞተር ጅላሉ አመጣልኝ፤
በሞረድ አሳስቼ፣ በትንፋሽ አራግፌ፣
መብራት ሲጠፋብኝ በሻማ ተደግፌ፣
የቀረኝ ወረቀት ሆነ።
ደህና፣ ወፍራም ወረቀት።

የሰባ ዘጠኙን ሮስተር አወጣሁ፤
ትምህርት ቤቱ ሊያቃጥል ሲል በጃኬቴ ውስጥ ያሸሸሁት።
ካርተሩ ላይ አንጥፌ፣ በትንሽ መዶሻ
ጠርዝ ጠርዙን፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤
ብረቱ ራሱ እየቆረጠ ለካው።
ብዙ ስም ለሁለት ተከፈለ፤ ይቅር በሉኝ።
ኦብሴን ግን ወረቀቱን አዙሬ፣ ሸርተት አድርጌ፣
ጉልበት በሚበዛበት በኩል ሙሉ ስሙን አስቀመጥኩት።
ውጤቱ ለብሎን ቀዳዳ ሄደ።

መሳሞቶ ረገጥኩ። ምንም።
ካንዴላ ጠርጌ፣ ረገጥኩ። ምንም።
አሥራ ሰባተኛው ላይ (ቆጥሬአለሁ፣ ልማድ ነው)
አንዴ አስነጠሰ፣
ከዚያ ያዘ።
አንሶላው በጭስ ተነፋ፤ የጎረቤት ውሻ አበደ፤
ጅላሉ ከሱቁ «አትልቀቀው! ጋዝ ስጠው!» እያለ ወረደ።

ብርቅነሽ ሳፋዋን በወገቧ ይዛ በጭሱ መሀል ቆመች።
ከሳፋው ስር የቀረች አንዲት ሞላ ነበረች፤
የት እንደነበረች እኔም አላውቅም፤
በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፦
«ይቺስ? ትርፍ ናት፣ ጉድለት?»

ሞተሩ ይሠራል።
አላረምኩም።