ቀኙ ደህና ነው

ቢሮው ሞተር ሰጠኝ፣ ቁልፍና አንድ ወረቀት፣
«የዳር ቀበሌውን በግ ትከትቢበት።»
እስከ ዛሬ በእግሬ ነበር የምዳክር፣
የክትባቱ ሳጥን ትከሻዬን ሲሰብር፤
ሞተር ግን አላውቅም።

አውላቸው መካኒኩ ሊያስተምረኝ መጣ፣
ሸራ ጫማዬን አይቶ ሳቁን ዋጠ፣ ተቆጣ፤
የሱሪውን እግር ወደ ላይ ገልቦ
ጠባሳ አሳየኝ፣ ባቱን የያዘ ከቦ፣
የማርሚታ ንክሻ።
«በነጠላ ጫማ ነው እኔ የለመድኩት፤
ለሁለታችን ይበቃል ያኔ የከፈልኩት።
ጫማሽን ግዢና ሞተሩ ይደርሳል፣
እግር ከፈራ እንደሁ እጅ ሁሉን ይረሳል።»

በገበያው ቀን መሐል ሜዳ ወጣሁ፣
ሰልባጅ ተራ ገብቼ ክምሩን አመስሁ።
ምንውየለት ሻጩ፣ አፉ ማር የሚያስልስ፣
ተረከዘ ረጅም ቀይ ቡትስ ይዞ ሲደርስ፦
«ላንቺ የተሰፋ! እስቲ እዪው ዚፑን!»
ዚፑንስ አየሁት፤
ግን ደግሞ አሰብኩት ያንን ተረከዙን፣
ከመርገጫው ጋራ ነገር ሲፈላለግ፣
እኔ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስፈልግ።

ቦቲም አነሣሁኝ፣ ጥቁሩን ላስቲክ፣
ጭቃ የማይፈራ፣ ለውኃ የሚመች ልክ፤
ግን የጋለ ብረት ሲነካው ይቀልጣል፣
ሶሉም ድፍን ነው፣
ማርሹ የት እንዳለ ለእግር መች ይነግራል?

ሦስት ጥንድ ከስክስ ነበር፣ በክራቸው የተሳሰሩ።
የአንዱ ምላስ ላይ ስም አለ፣ በእስክሪብቶ፣
ግማሹ የተፋቀ፣ ግማሹ የቀረ።
መልሼ አኖርኩት። ዋጋውን አልጠየቅሁም።
ምንውየለትም ዝም አለ፤
ያን ቀን ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከክምሩ ሥር ግን፣ ካፖርት ተጭኖት፣
አንድ ቡኒ ጥንድ፣ ማንም ያልጠየቀው፣ አቧራ የጠጣበት፤
ቆዳው የጠና ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያቅፋል፣
ክሩ አጭር ነው፣ ሰንሰለት መች ያገኘዋል፤
ሶሉ ጥርስ አለው፣ ሲረግጡት ይተጣጠፋል።

«እሱስ ይቅርብሽ፤ ግራው ተልጧል እኮ፣
አፍንጫው ላይ እዪው፣ ሳስቷል ቆዳው ታክኮ።
መቶ ብር ልቀንስ፤ ቀኙ እንኳ ደህና ነው።»

ግራው አፍንጫ ላይ፣ የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል፣
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በጣቴ ዳበስኩት።
አውላቸው ነግሮኛል፤ ማርሽ በግራ እግር ነው፣
አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ፣
ጫማ በአፍንጫው እየገፋ የሚያስገባው።
ይሄ ብልሽት አይደለም።
አንድ ሰው፣ የት አገር እንደሁ እንጃ፣
በዚህ ጫማ ፈርቷል፣
በዚህ ጫማ ሞተር መንገድ መሐል ጠፍቶበታል፣
መኪና ጡሩምባ ነፍቶበታል፣
በዚህ ጫማ አንድ ቀን ሳያስበው ለምዷል።

ሳልከራከር ከፈልኩ። (ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።)

ቁጥሩ በአንድ ይበልጠኛል። ማታ
ካረጀ ባና ጫፍ በእግሬ ልክ ቆረጥሁ፣
ሁለት ድርብ አርጌ ከውስጡ አነጠፍሁ።
የመንዝ በግ ጠጉር ነው፤
ልወጋቸው የምሄድ እነሱ ቀድመው
እግሬን አሞቁልኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣
ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣
አውላቸው ድንጋይ ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፦
«ፍሪሲዮን ያዢ! ልቀቂ! ኧረ ቀስ! ቀስ ነው ያልኩሽ!»
ሞተሩ ዘለለ፣ ጠፋ።
ዘለለ፣ ጠፋ።
ሦስተኛው ላይ በቀኝ ጎኑ ተኛ፣ እግሬን ይዞ፤
ማርሚታው ቆዳውን ነካ፣ የተቃጠለ ሸተተ፣
ባቴን ግን አልነካኝም።

«እግርሽ?» አለ አውላቸው ከጋቢው ሳይወጣ።
«አለ» አልኩት።
«እንግዲያ አንሺው፣ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነው።»

እስከ ማታ ሁለተኛ ማርሽ ገባልኝ። ሦስተኛው ገና ነው።
ጫማውን ከበር ውጭ አኖርኩት፣ ቤንዚን ስለሚሸት፤
ግራው እንደነበረ ነው።
ቀኙን ምንውየለት ዛሬ ቢያየው
ሌላ መቶ ይቀንሳል።