ስድስተኛው ክንፍ

ከሰኞ ገበያ ማዶ፣ ካለችው ጠባብ ክሊኒክ፣
ሲስተር ዘምዘም መጥታ፣ ሰጠችን የእንጨቱን ልክ፤
ስድስት ክንፍ መከለያ፣ የሚታጠፍ የሚዘረጋ፣
በሽተኛን ከበሽተኛ፣ የሚለይ አልጋን ካልጋ።
«አበባ ነገር ጣሉበት፣ ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይከፋ»፤
ጋሽ አበጋዝ ቀብዱን ተቀብሎ፣ ጓዳ ገባና ጠፋ።

ሲመለስ በብብቱ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው መጽሐፍ፤
ጃፓኖች የሣሉት ሁሉ፣ መከለያው ክንፍ በክንፍ።

«ሲጀምሩ ከቻይና፣ ቀዱ ጥቁሩን ቀለም፤
አይተውት የማያውቁት፣ የሰው ተራራ፣ የሰው ዓለም።
ኋላ መኳንንት መጡ፤ ግንባቸው ጨለማ ነበር፣
ወርቅ ለጠፉ ሠዓልያኑ፣ ግድግዳው ብርሃን እንዲበደር።
ነብርም ሣሉ፤ ነብር ግን፣ ካገራቸው ጫካ የለ፣
ከመጣ ቆዳ ነው የቀዱት፤ ዓይኑ የድመት የመሰለ።»

ሳቀ። ሳሉ ተነሣበት። ገጽ ገለጠ።

«አንዱ ደግሞ፣ እየው ሙሄ፣ ጥድ ብቻ ጣለ በጭጋግ፤
አላለቀም እንዳልለው፣ አጣሁለት የሚፈለግ።
ሌላም አለ፣ የወንዝ ዳር አበባ ሥሎ ወንዙን የተወው፤
ገጹን በገለጥኩ ቁጥር፣ እግሬን ነው የሚበርደው።»

እኛ ወርቅ ከየት እናምጣ? የሲጋራ ወረቀት ላጥን፤
በአቡጀዲው ላይ በሙጫ፣ ብልጭ ብልጩን አስቀመጥን።
አንደኛው ክንፍ ላይ ጦሳ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቆርቆሮው፣ መንገዱ፣
ሚናሬውና ጉልላቱ፣ ጎን ለጎን እንደለመዱ፤
ሁለተኛው ከዚያ ቀለለ፤ ሦስተኛው ላይ ቤት ቀነሰ፤
አምስተኛው ላይ አንድ ጥድ፤ እሱም ከወገቡ የፈረሰ።
ስድስተኛውን ነጭ ቀባው። ብሩሹን አጥቦ ወጣ።
«ጋሼ፣ ይሄስ?» ብለው፣
«ተወው፣ ባለቤቱ ይምጣ።»

ሲስተር ዘምዘም ቆጠረች፤ አምስት ስትል ቆመች፤
«ላልተሣለ አልከፍልም» ብላ፣ የአምስቱን ብቻ ሰጠች።

በነሐሴ ለመርፌ ሄድኩ። የኩታበር አንዲት ባልቴት፣
ተኝታለች ከነጠላዋ፣ ከስድስተኛው ክንፍ ፊት።
«ልጄ» አለችኝ፣ «ዝጋልኝ፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣
ገባ፤ እግሬን በረደኝ፤ ያን ጥድ እኮ ዋጠው ጋርዶ።»

መስኮቱ ዝግ ነበር።

ዛሬ እኔ ነኝ ባለ ብሩሹ፤ የሆቴል ታፔላ፣ የሱቅ በር፤
ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ፣ ባዶዋን ልተው ስሞክር፣
እጄ ይቸኩላል፤ ሳላስበው
አንድ ዛፍ ይተክላል፤ አንድ ወፍ፤
ከሥሩም ስልክ ቁጥሬን፣ ለሚፈልገው።