የተምታታ ሽቦ

ከዜሮ በታች ነው፣ ሠላሳ ሁለት፣
ምራቅ መሬት ሳይነካ ጠጠር የሚሆንበት
የኤድመንተን ሌሊት።

ጉልበቴ ካርቶን ላይ፣ ፒንሳዬ በጥርሴ፤
ብሎኑን አሞቅሁት በገዛ እስትንፋሴ።
ኮሮላችን አርጅታለች፤ ወንበሯን ገልብጬ፣
በስፖንጅ ፍርፋሪ መሃል ተቀምጬ፣
የልብሱን ቀለበት አንድ ባንድ ቆረጥኩ፤
ሃያ ስምንት ነበር፣
ሃያ ስድስት ለቀምኩ።

የፖስታ ሳጥናችን ቁልፍ ከኔው ወንበር ሥር ወጣ፣
"አንቺ ነሽ የጣልሽው" ብዬ የጮኽኩባት በቁጣ።
ኪሴ ከተትኩትና ዝም።

አቡጀዲ መሳይ፣ ስስ ነው ማሞቂያው፣
የከሰል ክር ብቻ ሆዱ ውስጥ ያለው።
መመሪያው ቻይንኛ፣ ሥዕሉ ደብዛዛ፤
ቀዩን ከፊውዙ፣ ጥቁሩን ከቦዲው፣
የተረፈውን በዋዛ።

ንጋት አሥራ አንድ ሲል፣ ትርንጎ ከጎኔ፣
ለሆስፒታል ፈረቃዋ ላደርሳት ነው እኔ።
ማብሪያዬን ተጫንኩ። ጠበቅኩ። ወንበሬ በረዶ፤
"ውይ ወገቤ!" አለች እሷ፣ "ሳልነካው ነደደ እንዴ?"
የሷን ስትጫነው የኔ ጀርባ ፈታ፤
ለካ ሽቦዎቹን አምታትቻለሁ ማታ።

"ፈትቼ ላስተካክል?" ብላት፣ "ተወው፣ ይቅር፤
ስንኳረፍ ነው እንጂ፣ አሁን ምን ሊያስቸግር!"
ሳቀች። አብሬ ሳቅሁ፤ ኪሴ ግን ከበደኝ።

ቀይ መብራት አቆመን።
ቁልፉን አወጣሁና መዳፏ ላይ አኖርኩት።
አየችው።
አየችኝ።
ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው።